ነጠብጣብ የታየበት ካሳቫ ሁሉ አልተሸነፈም

ስለ ካሳቫ ዝርያ በተወራ ቁጥር «በሽታ ይቋቋማል» የሚለው ቃል አብሮ ይመጣል። የትኛውን በሽታ? በስንተኛው ወር ላይ? ከየትኛው ዝርያ ጋር ተወዳድሮ? ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ገበሬው ግንዱን ቆርጦ ይተክላል፣ ዝናቡ ሲበረታ በታችኞቹ ቅጠሎች ላይ ቡናማ ነጥብ ያያል፣ ተታለልኩ ይላል። አንዳንዴ እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ተክሉ የተባለለትን እያደረገ ነው፤ የተሳሳተው «መቋቋም» ለሚለው ቃል የተሰጠው ትርጉም ነው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በወላይታ፣ በጋሞ፣ በጎፋ፣ በዳውሮና በአማሮ አካባቢ ካሳቫ ድርቅን የሚሻገሩበት ሰብል ነው። ሥሩ ተልጦ፣ ተከትፎና ደርቆ ይፈጫል፤ ዱቄቱ ከጤፍ ወይም ከበቆሎ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራና ዳቦ ይሆናል። ቁሌና ኬሎ የተባሉት የተሻሻሉ ዝርያዎች ከወጡ ወዲህ ግንድ ከወረዳ ወረዳ በጭነት መኪና ይጓዛል። ካሳቫ የሚባዛው በዘር ሳይሆን በግንድ ቁራጭ ስለሆነ ዝርያው በተጓዘ ቁጥር በሽታውም አብሮ የመጓዝ ዕድል አለው። አንድ ሄክታር በ1 ሜትር በ1 ሜትር ርቀት ለመትከል 10 ሺህ ቁራጭ ያስፈልጋል። ከአንድ የደረሰ ተክል በአማካይ 10 ያህል ቁራጭ ይገኛል ብንል፣ ግንዱ የመጣው ከ1 ሺህ እናት ተክሎች ነው። እነዚያን 1 ሺህ ተክሎች ማን አየ?

በመጀመሪያ በሽታዎቹን መለየት ግድ ነው፤ አንዱን የሚቋቋም ዝርያ ለሌላው እጁን ሊሰጥ ይችላልና።

ካሳቫ በሚበቅልበት ዓለም ሁሉ በብዛት የሚታየው ቡናማ የቅጠል ነጠብጣብ ነው። ፓሳሎራ ሄኒንግሲ የሚባለው ፈንገስ ያመጣዋል። ነጥቡ በትልልቆቹ የቅጠል ሥሮች ስለሚታገድ ማዕዘን ይኖረዋል፤ ጠርዙ ጠቆር ይላል። ከላይ ሲታይ አንድ ወጥ ቡናማ ነው። ቅጠሉ ሲገለበጥ ግን አመድ መሰል ግራጫ ልባስ ይታያል፤ እሱ የፈንገሱ ስፖር፣ ማለትም እንደ ዘር የሚራባበት ደቂቅ ብናኝ ነው። ሙቀትና እርጥበት ይወዳል፤ የሚጀምረው ከታች፣ ካረጁት ቅጠሎች ሲሆን ተክሉ 5 ወር ካለፈው በኋላ ይበረታል። የቅርብ ዘመዱ የሆነው ሰርኮስፖራ ቪኮሴ ድንበር የሌለው ሰፊ ቡናማ እድፍ ያወጣል፤ አንዱ እድፍ ብቻ የቅጠሉን ጣት አንድ አምስተኛ ሊሸፍን ይችላል። ነጩ ነጠብጣብ ደግሞ ቀዝቀዝ ያለና እርጥብ ቦታ ይመርጣል፤ ነጥቦቹ ትናንሽና ወደ ውስጥ የሰረጎዱ ናቸው። በብርዳማ ከፍታ ላይ በቅጠሉ ፊት ክብ በክብ ውስጥ የሚሠራ ሌላ ነጠብጣብም አለ።

አንትራክኖዝ ከእነዚህ ይለያል። ኮሌቶትሪከም የተባለው ፈንገስ ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን ለጋውን ቡቃያና ግንዱንም ይይዛል። ግንዱ ላይ የሰረጎደ ቁስል ያወጣል፤ ቁስሉ ግንዱን ሲዞረው ከበላዩ ያለው ይደርቃል። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ግንዱን እየወጋ የሚመጥ ትኋን መሰል ነፍሳት በር ይከፍትለታል። ስለዚህ አንድ ዝርያ አንትራክኖዝን «ተቋቋመ» ሲባል የተቋቋመው ፈንገሱን ይሁን ነፍሳቱን፣ ወይስ ነፍሳቱ ጭራሽ ሳይመጣ ቀርቶ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። በላቲን አሜሪካ ያለው ግንድ አስረዛሚ በሽታ ደግሞ ከሁሉም ይገርማል። ፈንገሱ ራሱ ጅብረሊን የተባለውን የዕድገት ሆርሞን ያመርታል፤ ተክሉ ያለ ልኩ ይመዘዝና ቀጭንና ደካማ ሆኖ ይቀራል። ከሩቅ ያየው ሰው ጥሩ የበቀለ ካሳቫ ሊመስለው ይችላል።

በአፍሪካ የካሳቫ ዝርያ መለያ ላይ «ተቋቋሚ» ተብሎ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው ቅጠሉን የሚያዥጎረጉረውን ሞዛይክ ቫይረስን ነው። የአህጉሩ የካሳቫ ማዳቀል ሥራ ያደገው በዚያ በሽታ ዙሪያ ነው። በታንዛኒያ አማኒ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካሳቫ ከዱር ዘመዱ ጋር ተዳቀለ፤ በናይጄሪያ ኢባዳን ያለው ዓለም አቀፉ የሐሩር ግብርና ኢንስቲትዩት ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያንኑ ሐረግ ተከትሎ ሠራ። ቫይረስን የሚያስቆም ዘረ-መል ግን ለፈንገስ ምንም ላያደርግ ይችላል። መለያው ላይ የበሽታው ስም ካልተጻፈ ቃሉ ባዶ ነው።

አሁን ወደ ቅጠሉ ውስጥ እንግባ።

የቡናማ ነጠብጣብ ስፖር በነፋስና በዝናብ ጠብታ መጥቶ ቅጠል ላይ ያርፋል። እርጥበት ካገኘ ይበቅልና በቅጠሉ መተንፈሻ ቀዳዳ በኩል ይገባል። አንትራክኖዝ ግን ራሱን ቅጠሉ ላይ አጣብቆ ለጋውን ቆዳ በቀጥታ መብሳት ይችላል። ቅጠሉም ዝም ብሎ አይጠብቅም። በላዩ ያለው ሰም ውሃው ቶሎ እንዲንሸራተት ያደርጋል። ፈንገሱ ሲገባ ደግሞ በቦታው ያሉት ሴሎች ግድግዳቸውን ያወፍራሉ፣ ፌኖል መሰል ውህዶችን ያከማቻሉ፣ የፈንገሱን ግድግዳ የሚቆርጡ ፕሮቲኖችን ያመርታሉ። ይህ ሁሉ ግን ፈንገሱን የሚያዘገይ እንጂ የሚያጠፋ አይደለም። በቅጠል ነጠብጣብ ረገድ «መቋቋም» ማለት በአብዛኛው አራት ነገር ነው፦ ጥቂት ነጥብ፣ ትንሽ ነጥብ፣ ዘግይቶ የሚወጣ ነጥብ፣ ጥቂት ስፖር የሚያፈራ ነጥብ።

ከአራቱ ብዙ ጊዜ የሚናቀው ሦስተኛው ነው፤ ጉልበቱ ግን የከበደ ነው። ለምሳሌ ያህል እናስላው። በአንዱ ዝርያ ላይ ስፖሩ ካረፈበት አንሥቶ አዲስ ስፖር እስኪያፈራ 12 ቀን፣ በሌላው 18 ቀን ይፈጅበታል እንበል። በ90 ቀን ዝናብ ውስጥ የመጀመሪያው 7 ዙር ይሞላል፣ ሁለተኛው 5። እያንዳንዱ ነጥብ በየዙሩ 3 አዲስ ነጥብ ቢወልድ፣ አንዱ ነጥብ በመጀመሪያው ላይ 2,187፣ በሁለተኛው ላይ 243 ይደርሳል። የ6 ቀን ልዩነት ዘጠኝ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ሁለቱም ማሳዎች ነጠብጣብ አላቸው፤ በዝናቡ መጀመሪያ ላይ ያያቸው ሰው ልዩነቱን አያገኘውም።

እዚህ ላይ በየቦታው የሚሰማ አንድ እምነት ማንሣት ተገቢ ነው። መራራው ካሳቫ ሳያናይድ የተባለው መርዙ ስለሚበዛ በሽታ አይነካውም ይባላል። ነፍሳትንና አይጥን በተመለከተ ነገሩ መሠረት አለው። ለፈንገስ ግን እንዲያ ብሎ መደምደም አይቻልም። የካሳቫ የሥጋ ዘመድ የሆነው የጎማ ዛፍም ሲቆስል ሳያናይድ ይለቃል። በዚያ ዛፍ የቅጠል በሽታ ላይ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተደረገው ምርምር የተገላቢጦሹን አሳየ፦ ሳያናይዱን በብዛት የሚለቁት ዛፎች ይበልጥ ተጠቂዎች ነበሩ። ፈንገሱ ሳያናይዱን ይችለዋል፤ የቅጠሉን የራሱን መከላከያ ውህድ የሚያመርተው ሥርዓት ግን በዚያው ሳያናይድ ይታፈናል። ካሳቫም በግድ እንዲህ ነው ለማለት አይደለም። ግን «መራራ ስለሆነ ይቋቋማል» ብሎ ዝርያ መምረጥ ማስረጃ የሌለው አካሄድ ነው።

የበሽታው መጠን እና የኪሳራው መጠን

ሌላው የሚዘነጋው ነገር ካሳቫ ሁሉንም ቅጠሉን እንደማይፈልግ ነው። ሥሩ በደንብ እንዲሞላ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ከ3 እስከ 3.5 ካሬ ሜትር የሚሆን የቅጠል ስፋት ቢኖር ይበቃዋል። ከዚያ ሲያልፍ የታችኛው ቅጠል በጥላ ይዋጣል፣ ይገረጣል፣ ፈንገስ ባይነካውም ይረግፋል። ለም መሬት ላይ የተንዠረገገ ካሳቫ በ7ኛው ወር የታችኛው ሦስተኛ ክፍሉ ቢነጥብ የሚያጣው ነገር ጥቂት ነው። በደካማ መሬት ላይ ሳስቶ የቆመ ካሳቫ ግን ያቺኑ ያህል ቅጠል በ4ኛው ወር ቢያጣ ሥሩ ላይ ይታያል። ተጠቂ በሆኑ ዝርያዎች ላይ ለቡናማ ነጠብጣብና ለዘመዶቹ በምርምር የሚጠቀሰው የምርት ቅናሽ ከ20 እስከ 30 በመቶ አካባቢ ነው። ይህ ቁጥር ግን የየትኛውም ማሳ ዕጣ አይደለም፤ መቼ ነጠበ፣ ምን ያህል ቅጠል ቀረ የሚለው ይወስነዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን መነጠል ያስፈልጋል። መቋቋም፣ መቻል፣ ማምለጥ። ተቋቋሚ ዝርያ በሽታውን በራሱ ላይ ያዘገያል። ቻይ ዝርያ እኩል ይነጥባል፣ ምርቱ ግን ብዙም አይወርድም። አምላጭ ዝርያ ደግሞ በሽታው ሲደርስ በአጋጣሚ ቦታው ላይ የለም፤ ቀድሞ ደርሷል፣ ወይም የተተከለው ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ተዳፋት ላይ ነው። ማምለጥን መቋቋም ብሎ መመዝገብ በዝርያ ሙከራ ላይ ከሚሠሩ ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ይመስለናል፤ ዝርያው ወደ እርጥቡ ቀበሌ በወረደ ማግስት ይጋለጣልና።

ሙከራው እንዴት ይሠራል? ቦታው በሽታው በየዓመቱ የሚጎበኘው መሆን አለበት። ተክሉ ከ4 እስከ 8 ወር ያለው ዕድሜው ከዋናው ዝናብ ጋር እንዲገጥም ይተከላል፤ በደቡብ ኢትዮጵያ በበልግ ዝናብ መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ የተተከለ ካሳቫ ክረምቱን የሚያገኘው በዚህ ዕድሜው ነው። በየመደቦቹ መካከልና ዙሪያ ተጠቂነቱ የታወቀ ዝርያ አንድ አንድ መስመር ይተከላል፤ ለሁሉም እኩል ስፖር የሚያከፋፍለው እሱ ነው። እሱ ካልነጠበ የዚያ ዓመት ውጤት መጣል አለበት። ቢያንስ 3 ድግግሞሽ፣ ቢቻል 4፤ ጠርዝ ላይ ያሉት ተክሎች አይቆጠሩም። በአካባቢው የታወቀ ነባር ዝርያም አብሮ ይገባል፤ ያለ እሱ «ይሻላል» የሚል ቃል ትርጉም የለውም።

ለበሽታው ክብደት ውጤት መስጠት የሚጀመረው ከ3ኛው ወር በኋላ ሲሆን በየ30 ቀኑ ይደገማል። የተለመደው መለኪያ ከ1 እስከ 5 ነው፤ 1 ምልክት የለም፣ 5 ቅጠሉ ክፉኛ ተጠቅቶ ረግፏል ማለት ነው። ይህ ለፈጣን ምርጫ ይበቃል፤ ለጠለቀ ንጽጽር ግን በነጥብ የተሸፈነውን የቅጠል ስፋት በመቶኛ መገመት ይሻላል። ተክሉን ከታች፣ ከመካከልና ከላይ ከፍሎ ለየብቻ መመዝገብም ይጠቅማል። ቅጠሉ ከረገፈ በሽታው «የቀነሰ» መስሎ ስለሚታይ የረገፉ ቅጠሎች ግንዱ ላይ በተዉት ጠባሳ ይቆጠራሉ። ሁለት ሰው የሚመዘግብ ከሆነ መጀመሪያ ያንኑ 10 ተክል ለየብቻቸው መዝነው ያስተያዩ፤ የዓይን ልዩነት ከዝርያ ልዩነት የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዚያ የመጨረሻውን ቀን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ጠቅላላ ጉዞውን ማስላት ይገባል። በ120ኛው፣ በ150ኛውና በ180ኛው ቀን የመጀመሪያው ዝርያ 5፣ 25 እና 30 በመቶ፣ ሁለተኛው 2፣ 8 እና 30 በመቶ ነጠበ እንበል። የሁለት ተከታታይ ምዝገባዎች አማካይ በመካከላቸው ባለው ቀን ይባዛል፣ ይደመራል። የመጀመሪያው 450 እና 825፣ በድምሩ 1,275 ይሆናል። ሁለተኛው 150 እና 570፣ በድምሩ 720። በመጨረሻው ቀን ብቻ መጥቶ ያየ ሰው ሁለቱንም 30 በመቶ ብሎ እኩል ይመዘግባቸው ነበር።

መቻልን ለመለየት ደግሞ ሌላ ዘዴ የለም፤ የመደቡ ግማሽ በመዳብ ጸረ-ፈንገስ ተረጭቶ ግማሹ ሳይረጭ ሁለቱም መመዘን አለባቸው። አንድ ዝርያ ተረጭቶ 28፣ ሳይረጭ 26 ቶን በሄክታር ቢሰጥ 7 በመቶ አጣ። ሌላው ተረጭቶ 36፣ ሳይረጭ 29 ቢሰጥ 19 በመቶ አጣ። በበሽታ ሠንጠረዥ ላይ የመጀመሪያው አሸናፊ ነው፤ ማሳ ላይ ግን ሁለተኛው ሳይረጭም በ3 ቶን ይበልጣል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የቀረቡ ናቸው፤ አጣብቂኙ ግን እውነተኛ ነው። በእኛ እይታ በየዓመቱ ከባድ ዝናብ በማያገኘው ቦታ ሁለተኛውን መጣል ስሕተት ነው። አንትራክኖዝ ላይ ግን ይህ ሒሳብ አይሠራም፤ ግንዱ ከቆሰለ ለሚቀጥለው ዓመት የሚተከለው ቁራጭ ራሱ ይበላሻልና።

በሙከራ ላይ ሌሎችም ነገሮች ዓይን ያታልላሉ። የፖታሽየም እጥረት የታችኛውን ቅጠል ከጠርዙ ያደርቃል፣ ተክሉንም ለአንትራክኖዝ ያጋልጣል። አረንጓዴ ማይት የተባለው ሸረሪት መሰል ደቂቅ ተባይ ለጋውን ቅጠል በትናንሽ ቢጫ ነጥብ ይሞላዋል፤ እሱ ግን የሚጀምረው ከላይ፣ የሚበረታውም በድርቅ ጊዜ ነው። ቅጠሉን ገልብጦ ግራጫውን ልባስ መፈለግ በአንድ ደቂቃ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ነጠላ ዘብ ወይስ ብዙ ዘብ

የስንዴ ገበሬ ይህን ክፍል ሳይነገረው ያውቀዋል። ከ2010 (እ.ኤ.አ.) የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ በኋላ ዲገሉ የተባለው ዝርያ በሰፊው ተዘራ፤ ቢጫውን ዋግ ይችል ነበርና። በ2013 እና 2014 ግን አዲስ የግንድ ዋግ ዘር መጥቶ በባሌና በአካባቢው ማሳውን በላው። በአንድ ወይም በጥቂት ኃያል ዘረ-መሎች የቆመ መከላከያ ሙሉ ነው፤ ሲሰበርም ሙሉ በሙሉ ይሰበራል። በቡናውስ? የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ውስጥ ከታየ በኋላ በሽታው በበረታባቸው ማሳዎች ውስጥ ሳይጎዱ የቆሙ ዛፎች ተለቀሙ። 74110 እና 74112 በሚሉት ስሞች መጀመሪያ ላይ ያለው 74 የተመረጡበትን ዓመት ያመለክታል። የዚያ በሽታ ፈንገስም ኮሌቶትሪከም ነው፤ የካሳቫው አንትራክኖዝ የቅርብ ዘመድ። መከላከያቸው ደረጃ በደረጃ የሚለያይ እንጂ ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ ስላልሆነ ፈንገሱ በአንድ እርምጃ አይጥሰውም።

በካሳቫ የቅጠል ነጠብጣብ ላይ ዝርያዎች የሚለያዩት በአብዛኛው እንደ ቡናው በደረጃ ነው፤ ይህ ለዘላቂነቱ መልካም ሲሆን ለአዳቃዩ ግን ራስ ምታት ነው። ካሳቫ 36 ክሮሞሶም ያለው፣ ከአንድ ፍሬው የሚወጡ ዘሮች እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ተክል ነው። ከአንድ ማዳቀል ብዙ መቶ ዘር ተዘርቶ፣ ጥቂቱ ተመርጦ፣ በግንድ ተባዝቶ፣ በየደረጃው በብዙ ቦታ ተፈትኖ ዝርያ እስኪወጣ ከ8 እስከ 10 ዓመት ይፈጃል። በብራዚል ክሩዝ ዳስ አልማስ ያለው የኢምብራፓ (የአገሪቱ የግብርና ምርምር ድርጅት) ማዕከልን የመሳሰሉ ተቋማት በዘረ-መል ምልክት ቀድሞ መምረጥን የሞከሩት ይህን ጊዜ ለማሳጠር ነው። አንዴ ከተገኘ ግን ግንዱ ዝርያውን ሳይለውጥ ያባዛዋል። ጥቅሙም አደጋውም እዚያው ነው፤ ሙሉ ወረዳ በአንድ ተክል ቅጂ ይሞላል። ሁለት ወይም ሦስት ዝርያ በተለያየ መደብ መትከል ምርቱን ለይቶ ለመሰብሰብ ያስቸግራል የሚል ቅሬታ ይነሣል። ቅሬታው ለፋብሪካ አቅራቢ ተገቢ ነው፤ ለራሱ ቀለብ ለሚተክል ግን ሚዛን አይደፋም።

ዝርያው የቱንም ያህል ቢመረጥ በታመመ ግንድ ከተተከለ ከንቱ ነው። ቁራጩ የሚወሰደው ከ8 እስከ 18 ወር ዕድሜ ካለው ተክል፣ ከግንዱ መካከለኛ ክፍል ነው፤ ጫፉ ለጋ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል ወይም ይበሰብሳል፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ እንጨት ሆኗል። ርዝመቱ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ከ5 እስከ 7 አንጓ ይኑረው። ሲቆረጥ ነጭ ወተቱ ወዲያው መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ደርቋል። በመካከሉ ያለው ለስላሳ ልብ ከውፍረቱ ግማሽ በታች ይሁን። የሰረጎደ ቁስል፣ የጠቆረ የውስጥ መስመር ወይም ያለ ልክ የተራራቀ አንጓ ያለበት ግንድ ይቃጠላል እንጂ ጥግ ላይ አይጣልም። እናት ተክሉ የሚመረጠው ቅጠሉ ሳይረግፍ፣ በዝናቡ ወቅት መሆን አለበት፤ በበጋ ሁሉም ጤነኛ ይመስላል። ቢላው ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሸጋገር 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይነከር። የፈላና ቀዝቃዛ ውሃ እኩል ቀላቅሎ ቁራጩን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መንከር ላዩ ላይ ያለውን ተባይ ይገድላል፤ ከቆዳው ሥር የገባ ፈንገስን ያጠፋል ብሎ መተማመን ግን አይገባም።

መርጨት? መዳብ ያላቸው ኬሚካሎች የቅጠል ነጠብጣብን ይቀንሳሉ። ሆኖም ከ10 እስከ 12 ወር ማሳ ላይ ለሚቆይ፣ በዋጋውም ርካሽ ለሆነ ሥራሥር ደጋግሞ መርጨት ወጪውን አይመልስም። በኮንጎና በታንዛኒያ እንደሚደረገው ቅጠሉ ራሱ ተወቅጦ ወጥ በሚሆንበት ቤት ደግሞ ጭራሽ አይመከርም።

አሁን ካሳቫ አብቃዮችን እንቅልፍ የነሣው ፈንገስ ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በደቡብ ምሥራቅ እስያ የካሳቫን ጫፍ እንደ መጥረጊያ የሚያደርግ በሽታ ለዓመታት ባክቴሪያ መሰል ተሕዋሲ ያመጣዋል ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ2023 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት ከበሽታው ጋር ሴራቶባሲዲየም የተባለ ፈንገስን አያያዘ፤ የካካዎን ግንድ የሚያደርቀው ፈንገስ ቤተሰብ ነው። በ2024 በሽታው በፈረንሳይ ጊያናና በአጎራባቹ የብራዚል አማፓ ግዛት ተገኘ። ቅጠሉ ይቀነጭራል፣ ይገረጣል፣ አንጓዎቹ ይቀራረባሉ፣ ብዙ ደካማ ቅርንጫፍ ይፈላል፣ በመጨረሻ ጫፉ ይደርቃል። ግንዱ በቁመቱ ሲሰነጠቅ የውሃ መስመሩ ጠቁሮ ይታያል። ይህ ፈንገስ የሚኖረው በግንዱ ውስጥ ስለሆነ በቅጠል ነጠብጣብ ላይ የተሰጠ ከ1 እስከ 5 ያለ ውጤት ስለ እሱ የሚናገረው ነገር የለም። አዲስ ዝርያ ከውጭ የሚያስገባ ሰው ግንድ ሳይሆን በቤተ ሙከራ ጠርሙስ ውስጥ የበቀለ፣ ከበሽታ ነጻ መሆኑ የተመረመረ ችግኝ ማስመጣት ያለበት ለዚህ ነው። ችግኙም ወደ ማሳ ከመውጣቱ በፊት ተለይቶ በተከለለ ቤት ውስጥ አዲስ ቅርንጫፍ እስኪያወጣ ይጠበቃል፤ የተቀነጨረ አንጓ ከታየበት ከዚያው ጠርሙስ የወጣው ሁሉ ከነአፈሩ ይወገዳል።